ደምቢያ ላይ የማኅበረሰብ ማዕከል ልትሠሩ ላሰባችሁ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ጎንደር ከተማ የሚኖር የደምቢያ ተወላጅ ነው። ጎንደር፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ካሉ የአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። ለተወለዱበት ቀበሌ የማኅበረሰብ ማዕከል መሥራት ይፈልጋሉ። አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ክፍልና ትንሽ ክሊኒክ ያለው። አንዱ ባለሙያ ብሎኬትና ኮንክሪት ይሁን አላቸው። ሌላው ዘላቂ ከተባለ ጭቃ ነው አላቸው። "ማንን እንስማ? ሠላሳ ዓመት የሚቆም ነገርስ እንዴት ይሠራል?" ይላል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፍከው ስለ ሁላችሁም ስለሆነ እኔም "እናንተ" እያልኩ እመልሳለሁ። ሥራዬ የሕንፃ ምህንድስና ነው። ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጎንደር ዙሪያ ገጠሮች ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና አዳራሽ ስሠራ ነው።

ብሎኬትም ጭቃም ብቻውን ቤት አያቆይም። ገጠር ውስጥ ቤት የሚቆየው ሲበላሽ እዚያው መንደር ባለ ሰውና ባለ ዕቃ መጠገን ከቻለ ነው። ጠጋኙም "ቤቱ የኔ ነው" ሲል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

አንድ ክረምት ለሌላ ሥራ ወገራ ውስጥ ወዳለ መንደር ሄጄ ነበር። ዝናብ ያዘኝና አንድ ቤት ጥግ ተጠለልኩ። ቤቱ ብሎኬት ነው። በደንብ ተለስኗል፣ ተቀብቷል። ግድግዳው ላይ የአሠሪው ድርጅት ስም በእብነ በረድ ተጽፏል። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የበሩ ቁልፍ ዝጎ ስነካው ጣቴ ላይ ቡናማ ዱቄት ቀረ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ወንበሮቹ የተጠቀለሉበት ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። መጻሕፍቱ በካርቶን እንደታሸጉ ተደርድረዋል። ከታችኛው ካርቶን ሥር ምስጥ አፈሩን እየገነባ እስከ ሁለተኛው ደርሷል። አጠገቤ አንዲት እናት እንስራቸውን አስቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ቆመዋል። "እማማ፣ ለምን አይከፈትም?" አልኳቸው። ቁልፉ ወረዳ ከተማ ነው አሉኝ። የያዘው ሰውም ተዛውሯል። ያ ቤት ብረቱም ሲሚንቶውም አልጎደለም። ግንበኛውም ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል። መንደሩ ግን ቤቱን ከዝናብ ጥግነት በቀር ለምንም አልተጠቀመበትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ፕላን ከማውጣቴ በፊት ቁልፉን ማን ይይዛል ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

እንግዲህ ከዝርዝራችሁ ልጀምር። ክሊኒኩን ተውት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ጤና ኬላ ለየቀበሌው እንዲኖር ተደርጎ ነው የታሰበው። ያላችሁት ጤና ኬላ ከደከመ እሱን ማጠናከር ይሻላል። ሁለተኛ ክሊኒክ ሠርታችሁ ነርሷን ከየት ታመጣላችሁ? ደመወዟንስ በየወሩ ማን ይከፍላል? አዳራሹንም ቢሆን መጀመሪያ አካባቢውን ዞራችሁ እዩ። በብዙ ቀበሌ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል የሚባል ቤት አለ። ጣሪያው ቢታደስ፣ ወለሉ ቢስተካከል ለስብሰባ የሚበቃ ሊሆን ይችላል። ከባዶ መሬት መነሳት ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም።

ከዚያ አንድ እሑድ ቁጭ በሉና የእድሩን ሰዎች ጠይቁ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የት ነው የሚቀመጠው በሏቸው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ "አንድ አባል ቤት" ነው። ያ ሰው ሲሞት ወይም ሲጣላ ዕቃው አብሮ ይጉላላል። ለእኔ የገጠር ማዕከል የመጀመሪያው ክፍል ይኼ ነው። የእድር ዕቃ ቤት። ለቀብርም ለሠርግም ሰው ዕቃ ሊወስድ ይመጣል። ዕቃ ሊመልስ ይመጣል። በሩ ሳይከፈት አይከርምም። ከዕቃ ቤቱ ፊት ሰፊ በረንዳ፣ ከጎኑ አንድ አዳራሽ አድርጉለት። የመጻሕፍቱ መደርደሪያ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያስተምር ሰው ከተገኘ በኋላ ይደረስበታል። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ይበቃል። ጎን ለጎን ሌላ ክፍል የሚጨመርበትን ቦታ ግን ከወዲሁ ፕላኑ ላይ ተዉ።

ቦታው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አይሁን። መስጊድ ግቢም አይሁን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ደፍሮ የሚገባበት ይሁን። ሴቶች ወደ ውሃ ወይም ወደ ወፍጮ የሚሄዱበት መንገድ ዳር ቢሆን ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነው። ሴት ልጅ ለስብሰባ ብላ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ መንገድ የምትሄድበት ጊዜ የላትም። ከምትሄድበት መንገድ ላይ ካገኘችው ግን አረፍ ብላ ትሰማለች።

አሁን ወደ መሬቱ። የደምቢያ ነገር ሲነሳ ሰፋ አድርጌ የማወራው ስለ አፈሩ ነው። ሜዳው ዋልካ ነው፤ ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር። ዋልካ ለጤፍና ለሽምብራ የሚሰጠው በረከት ለሕንፃ አይሆንም። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ደርቆ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እጃችሁን የሚውጥ ስንጥቅ ታያላችሁ። ላዩ ላይ የቆመ ቤት በየዓመቱ ትንሽ ወደ ላይ ይነሳል፣ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ያውም ሁሉም ጥግ እኩል አይደለም። ደጅ ያለው የግድግዳ ጫፍ ሲረጥብ ከወለሉ መሃል ያለው ደረቅ ይቀራል። ስለዚህ ግድግዳው በመስኮትና በበር ማዕዘን በኩል በሰያፍ ይተረተራል። "ግንበኛው ሲሚንቶ ሰርቆ ነው" የሚባልበት ብዙው ስንጥቅ ከዚህ ዓይነት አፈር የመጣ ነው።

መፍትሔው መጀመሪያ መሸሽ ነው። ቀበሌያችሁ ውስጥ ከፍ ያለ፣ ቀይ አፈር ወይም ድንጋያማ የሆነ ጉብታ ካለ፣ ትንሽ ቢርቅም እሱን ምረጡ። ደምቢያ ላይ ከፍታው ለሌላ ነገርም ይጠቅማል። መገጭና ድርማ ጣና ከመግባታቸው በፊት ሜዳውን አቋርጠው ነው የሚሄዱት። ነሐሴ ላይ ከሞሉ ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ቦታው ላይ ቁሙና በዕድሜያቸው ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደሚያውቅ በጣታቸው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። ያችን ምልክት ያዙ። የቤቱ ወለል ከእሷ በላይ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ከዋልካ ማምለጥ ካልተቻለ ቆፍራችሁ ጠንካራውን መሬት ፈልጉ። ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ገደማ ከሆነ ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ በገረጋንቲ (ጠጠር በበዛበት አፈር) እየረገጣችሁ በስስ በስሱ ሙሉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ግድግዳውን ተሸክሞ አንድ ላይ የሚያስር የኮንክሪት ግሬድ ቢም ያስፈልጋል። ይህን በራሳችሁ አትሞክሩት። መሐንዲስ ያውጣው። ሲሚንቶና ብረት እዚህ ላይ ብትከፍሉ አይቆጫችሁም። እኔ የጭቃ ቤት ወዳጅ ነኝ። መሠረት ላይ ግን ለማንም አልራራም።

ሌላው መሠረትን የሚጠብቀው ዙሪያው ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ አንድ ሜትር ከሃምሳ ያህል ድንጋይ አንጥፋችሁ ወደ ደጅ አዘንብሉት። ከሱ ቀጥሎ ቦይ ይሁን። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይንጠባጠብ። ባሕር ዛፍ ቤቱ አጠገብ አትትከሉ፤ ካለም ቁረጡት። ያ ዛፍ ውሃ ይጠጣል። ከሥሩ ያለው ዋልካ ሲደርቅ የዚያ በኩል መሠረት ይሰጥማል። ዛፉ አድጎ በሚደርስበት ቁመት ያህል ቢርቅ ይሻላል።

ግድግዳውን በተመለከተ ሁለቱም ባለሙያዎቻችሁ ከፊል እውነት አላቸው። ጎንደር ላይ ቆማችሁ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ከተማዋን ሲቆረቁሩ የተነሳው ግንብ ጥቁር ድንጋይና ኖራ ነው። ድንጋዩም ጠራቢውም ዛሬም ጎንደር ዙሪያ አለ። ድንጋይ በአህያ ወይም በጋሪ የሚደርስላችሁ ከሆነ ከወለል በታችና ከወለል በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ በድንጋይ ውጡ። ዝናብ ሲፈናጠቅ የሚመታው ያን ክፍል ነው። ምስጥም የሚወጣው በዚያ ነው። ከዚያ በላይ የድንጋይ ግድግዳ ከቀጠላችሁ ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በየሜትሩ ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው ፊት ዘልቆ የሚያስር ረጅም ድንጋይ ይግባበት። ይህን ካላስገባችሁ የውስጡና የውጪው ካብ እያደር ይለያያል፣ መሃሉ ይነፋል። ግንበኛው ሲቸኩል የሚዘለው ይህችን ነው። ቆማችሁ ቁጠሩ። ግድግዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የሚያስር የኮንክሪት ታይ ቢም ይኑር።

ድንጋይ ከራቀ ደግሞ የጭቃ ጡብ ወይም በእንጨት የቆመ ምርጊት አያሳፍርም። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ የምትባል መንደር አለች። ተወላጇ ፍራንሲስ ኬሬ ጀርመን አገር ሥነ ሕንፃ እየተማረ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 አለቀ። የሠራው ትንሽ ሲሚንቶ በገባበት በታመቀ የአፈር ጡብ ነው። የመንደሩ ሰው ጭቃ ዝናብን ይችላል ብሎ አላመነም ነበር። ኬሬ ያደረገው ቆርቆሮውን ከጡቡ ኮርኒስ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ከግድግዳው በሰፊው ማስወጣት ነው። ዝናቡ ግድግዳውን አይነካውም። በመሃሉ አየር ስለሚያልፍ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ጡቡን የመታው፣ ድንጋዩን የተሸከመው የመንደሩ ሕዝብ ነው። በኋላ የመምህራን ቤትና ተጨማሪ ክፍሎች ሲሠሩ ሙያው እዚያው ነበር። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። እናንተም እንደሱ ለተወለዳችሁበት መንደር ነው የምትሠሩት። ለዚህ ነው ያነሳሁላችሁ።

ዋልካ ለጡብም ለምርጊትም ብቻውን አይሆንም። ቀይ አፈር ፈልጉ። ለመፈተሽ አንድ ሃይላንድ ውሰዱ። ሲሶውን አፈር አድርጉ፣ ቀሪውን ውሃ ሙሉት። ቁንጥር ጨው ጨምሩበትና በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ደለሉ ይከተላል። ሸክላው መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ይተኛል። በማግስቱ መስመሮቹን እዩ። ሸክላው ከሲሶ ከበለጠ ጡቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ጨምሩበት። ከሞላ ጎደል አሸዋ ብቻ ከሆነ ደግሞ አይያያዝም።

ስለ ምርጊት ከመንደራችሁ ሴቶች የበለጠ የሚያስተምራችሁ መሐንዲስ የለም። አንድ ጊዜ ደምቢያ ውስጥ ስንሠራ ሰባት ሴቶች ነበሩ ሥራውን የያዙት። ጤፍ ከተወቃ በኋላ ነው፣ ጭዱ እንደ ልብ ነው። አፈሩን ከምረው መሃሉን እንደ ጉድጓድ ከፈቱ። ውሃ ሞሉበት። ጭዱን እየበተኑ በእግራቸው ረገጡት። እኔ በዚያው ቀን የሚለጠፍ መስሎኝ ነበር። ሸፍነው ተዉት። በሦስተኛው ቀን ገልጠው እንደገና ረገጡት። ሳምንት ሲሆነው ጠቆረ፣ ሽታውም ከሩቅ ይጠራ ጀመር። ትልቋ ሴት አንድ ጭብጥ አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳመጡት። ሳይበጣጠስ እንደ ሊጥ ተለጠጠ። "ደርሷል" አሉ። ጭዱ ሲበሰብስ የሚወጣው ነገር አፈሩን እንደ ሙጫ ያያይዘዋል። መጽሐፍ ላይ አንብቤው አውቅ ነበር። እጄ ላይ ያየሁት ግን ያኔ ነው። የመጀመሪያው ልባስ ሲደርቅ ስንጥቁን በሁለተኛው ደፈኑት። መጨረሻ ላይ እበትና አመድ አዋህደው በመዳፋቸው ለቀለቁት። ያ ግድግዳ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጥቂት ሰዓት የመዳፍ ሥራ ይፈልጋል። በቃ። ሲሚንቶ ልስን ግን ጭቃ ላይ አትለጥፉ። ሁለቱ አብረው አይተነፍሱም። እርጥበቱ ከጀርባው ታፍኖ ይቀርና ልስኑ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ላዩን ማጠንከር ከፈለጋችሁ ኖራ ቀቡት። ኖራ ሲቦካ ዓይንና እጅ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አይጥፋ።

በማሽን የሚታመቀውና እርስ በርሱ የሚጠላለፈው የአፈር ጡብም ጥሩ ነው። ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ይበቃዋል፤ ቢያንስ ለሰባት ቀን ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት። ማሽኑንና የለመደ ሠራተኛ ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ አትጨነቁበት።

ጣሪያ ላይ አንድ ነገር ብዙዎች ይረሳሉ። ድምፅ። ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ባዶ ቆርቆሮ ሲመታ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች አይሰማሙም። ስብሰባ ይቆማል፣ ትምህርት ይቆማል። ስለዚህ ኮርኒስ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከጣና ዳር ሸምበቆ ታገኛላችሁ። አስጠርባችሁ እንደ ሰሌን አስጠላልፉት። ላዩን ስስ ጭቃ በጭድ ቀቡት። በቆርቆሮውና በሱ መካከል አየር የሚያልፍበት ቦታ ተዉ። በጋም ሙቀቱን ይቀንሳል። ቆርቆሮ ስትገዙ ባለ 28 ጌጅ ይሁን። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 የተባለው ርካሽ ነው፣ ነፋስም ይገለብጠዋል። ጣሪያው ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ይውጣ። የአዳራሹ ወርድ ከ6 ሜትር ባይበልጥ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ በባሕር ዛፍ ወራጅ መሥራት የሚችል አናጺ ከአካባቢው አይጠፋም። ከዚያ ከሰፋ የብረት ሥራ ከከተማ መምጣት አለበት፤ ሲበላሽም ከከተማ ነው የሚጠገነው። እንጨቱን በበጋ ቁረጡ፣ ላጡት፣ ጥላ ሥር ከሁለት እስከ ሦስት ወር አድርቁት። አፈር ውስጥ አትቅበሩት። ከድንጋይ ወይም ከኮንክሪት ላይ ይቁም።

ቤቱን ረጅሙ ጎኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሆን አስተኙት። መስኮቶቹ ሰሜንና ደቡብ ይሁኑ። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚገባ በጣሪያ ጥላ አይመከትም።

ውሃውን በቁጥር ላሳያችሁ። 12 በ6 አዳራሽ ከበረንዳውና ከጣሪያው ትርፍ ጋር ቢያንስ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይሰጣችኋል። በ100 ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 100 ሊትር ነው። በፍንጣቂና በመሳሰለው ሲሶ ባይሞላም ጥቂት ይጠፋል፤ 80 ሊትር እንያዝ። ዓመታዊው ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር ቢሆን 80,000 ሊትር ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ወቅት መውረዱ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ125 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጢም ይላል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን 240 ቀን በሱ ለመኖር ከፈለጋችሁ በቀን 42 ሊትር ነው የሚደርሳችሁ። ለእጅ መታጠቢያና ለሻይ ይሆናል። የመንደሩን ጥም አይቆርጥም። ስለዚህ ለሕዝቡ "ውሃ እናመጣለን" ብላችሁ ቃል አትግቡ። አሸንዳው ሮቶው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውጭ የሚፈስበት ማስቀየሻ ይኑረው። የከረመ አቧራና የወፍ ኩስ ሮቶ ውስጥ አይግባ።

መብራቱንም እንዲሁ። 9 ዋት የሆኑ 8 አምፖሎች 4 ሰዓት ቢበሩ 288 ዋት ሰዓት ነው። 20 ሞባይል ቻርጅ ለማድረግ 300 ያህል ያዙ። ሁለት ላፕቶፕ ለሦስት ሰዓት ሌላ 300። ድምሩ ወደ 900 ይጠጋል። በቀን 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይና 70 በመቶ ውጤት ብናስብ 260 ዋት ፓኔል ይበቃል። ክረምት ደመናው ስለሚበዛ ግን 400 አድርጉት። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ፊቱን አዙሮ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። ባትሪው ሁለት ቀን የሚያዘልቅ፣ ተሟጦ እንዳያልቅም ጥቂት ትርፍ ያለው፣ 2,250 ዋት ሰዓት ገደማ ሊቲየም ይሁን። ፓኔል ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ባትሪ ግን ያልቃል። እኔ ያየኋቸው ቆመው የቀሩ የገጠር ሶላሮች ሁሉ የሞቱት በባትሪ ነው። ለዚህ ነው ሞባይል ቻርጁ በነፃ አይሁን የምለው። ጥቂት ብር ይከፈልበት። ብሩም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "የባትሪ" ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ።

መጸዳጃ ቤቱ ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱ በታች በኩል ይሁን። የወንድና የሴት መግቢያ አይተያይ። የሴቶቹ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይኑረው። ይህችን መቀርቀሪያ ንቃችሁ አትለፉ። እሷ ስለሌለች ብቻ ልጃገረዶች ቀኑን ሙሉ የማይገቡበት መጸዳጃ አውቃለሁ።

ገንዘባችሁ ቢበቃም ሁሉንም አትክፈሉ። ይህን ስል ስስታችሁን እየመከርኩ አይደለም። ሰው የተሸከመበትን ቤት ይጠብቃል። አንድ መንደር እያንዳንዱ አባወራ የተወሰነ ቁጥር ድንጋይ እንዲያመጣ ተስማምቶ ነበር። ሴት አባወራዎችም ጎረቤት እያገዛቸው አመጡ። ስም እየተጠራ ተቆጠረ። ኋላ ልጆች ግድግዳው ላይ ሲፈነጩ የሚቆጣቸው ጥበቃ አልነበረም፤ ያለፈ ሰው ሁሉ ነበር። ደቦው ሲጠራ ጠላውና እንጀራው ከእናንተ ይሁን። አጠራሩ ግን ከእድሩ ዳኛ ይምጣ። ጊዜውንም ከገበሬው ጋር ቁጠሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ማንም አይመጣላችሁም። ከጥር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው ሥራው። የዚያን ጊዜ ደግሞ ውሃ ያጥራል፤ የሚጠራቀምበትን በርሜል አስቀድማችሁ አሰናዱ። ግንቦት ሳይወጣ ጣሪያው መግባት አለበት።

መሬቱን "የቀበሌው ሊቀመንበር ሰጠን" ብላችሁ አትጀምሩ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የወል መሬት ለዚህ አገልግሎት መሰጠቱ በወረዳው መሬት አስተዳደር በጽሑፍ ይረጋገጥ። ወሰኑ ይለካ። ማስረጃው በእናንተ ስም ሳይሆን እዚያው በሚኖረው ማኅበር ስም ይውጣ። አጎራባች ገበሬዎች ወሰኑ ላይ ቆመው ይመስክሩ። ሊቀመንበር ይቀየራል፤ ወረቀት ግን ይቀራል።

ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንዱ ከእድሩ ገንዘብ ያዥ ጋር፣ አንዱ ለቤቱ ቅርብ ከምትኖር ሴት ጋር። የጎንደር ኮሚቴ ቁልፍ አይያዝ። በዓመት ከግንባታው ወጪ 2 በመቶ ያህል ለጥገና መገኘት አለበት። ቤቱ 2 ሚሊዮን ብር ቢፈጅ 40 ሺህ ብር ማለት ነው። ይህን ከውጭ አገር ልጆች መለመን አያዘልቅም። ከድንኳን ኪራይ፣ ከቻርጅ፣ ቢቻል ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከሚተከል ወፍጮ ይምጣ። ፎገራ ያለችውን አውራ አምባን ሄዳችሁ እዩ። ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረቷት ማኅበረሰብ ናት። የአረጋውያን መጦሪያዋም ቤተ መጻሕፍቷም ከሽመናና ከወፍጮ ጋር ተያይዘው ነው የቆሙት። አስተሳሰባቸውን ሁሉ እንድትቀበሉ አይደለም። ገንዘቡ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በዓይናችሁ እንድታዩ ነው።

አሁን ሚያዝያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ልትሠሩበት ካሰባችሁት ቦታ አራት ማዕዘን ላይ ሁለት ሁለት ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ጉድጓዶቹ ልጅም ከብትም እንዳይገባባቸው እሾህ ይታጠሩ። የአፈሩ ቀለም በየት ላይ እንደሚቀየር በሜትር ለኩ። ሜዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ አጠገቡ አንድ ዱላ አስተኝታችሁ ፎቶ አንሱት። ከየጉድጓዱ አንድ ሃይላንድ አፈር ሞክሩና መስመሮቹን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉባቸው። ይህን ይዛችሁ ስትመጡ ስለ መሠረቱ ወረቀት ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።